200 ሜትር በ500 ኤስኤል

አራት አመት ሙሉ 500 ኤስኤል የሚባለውን ማርቸዲስ ነድቻለሁ። ጉራ እንዳይመስላችሁ፣ በአንድ ጊዜ ከ200 ሜትር በላይ ሄጄበት አላውቅም፣ ፍጥነቱም ሰው በእግሩ ከሚሮጠው ብዙ አይበልጥም ነበር፣ ሁሌም ወይ ቁልቁል እየወረድኩ ነው ወይ ሽቅብ እየወጣሁ፣ ከላዬ ደግሞ ሰማይ ሳይሆን ኮንክሪትና ፍሎረሰንት መብራት። መቼም ገብቷችኋል፣ ፓርኪንግ ነበር የምሰራው።

በዲቪ የመጣሁት በ1999 ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከዚህ በኋላ ያሉት አመቶችም እንደዛው ናቸው)። ያኔም አሁንም ዲሲ ዳውንታውን ያለ ፓርኪንግ ገብታችሁ በአማርኛ "እንዴት ዋላችሁ" ብትሉ መልስ የማግኘት እድላችሁ ከፍተኛ ነው፣ አንዳንዱ ጋ ካሸሩም መኪና አቋሚውም ማናጀሩም አበሻ ነው። እኔ የገባሁበት ሕንጻ የጠበቆች ቢሮ የበዛበት ስለነበር መኪናውም እንደ ጠበቃ ነው፣ ሁሉም ጥቁር ሁሉም የታጠበ። ከነሱ መሀል በወር እየከፈለች የምታቆም አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ መኪናዋ የ1991 500 ኤስኤል፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጣሪያው የሚከፈት። የኛ ሰው "ማርቸዲስ" የሚለው አነጋገር ፈረንጆቹ ጋ እንደማይሰራ የተማርኩት በሷ መኪና ነው፣ ሦስቴ ደግሜላት አልገባትም።

ካሸር ላይ የሚቀመጡ ጋሼ የምንላቸው ሰውዬ ነበሩ፣ እኔ ስገባ እዛው ቤት ብዙ አመት የቆዩ። የመጀመሪያ ቀን የሰጡኝ ትምህርት አንድ ነው፣ "ይሄን መኪና ስትይዝ ጎማውን ተወው፣ አፍንጫውን እያሰብክ ንዳ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ኮፈኑ ረጅም፣ የፊቱ ዝቅ ያለ፣ ቁልቁለቱ አልቆ ወለሉ ሲጀምር ትንሽ ከፈጠንክ "ክርርር" የሚል ድምፅ ትሰማለህ፣ ያ ድምፅ ደግሞ የሁለት ሳምንት ደሞዝ ነው።

በዛው ሳምንት ነው ጉዱ የመጣው። ሴትዮዋ ጣሪያውን ከፍታ መጣች፣ ቁልፉን ሰጥታኝ እየሮጠች ሄደች፣ ገባሁ፣ አጭር ስለነበረች ጉልበቴ መሪው ጋ ደረሰ። በሩ ላይ ያለው የወንበር ማስተካከያ ራሱ ትንሽዬ ወንበር ነው፣ የመቀመጫ ቅርጽ ያለውን ስትገፋ መቀመጫው ይሄዳል፣ የመደገፊያ ቅርጽ ያለውን ስትገፋ መደገፊያው ይተኛል፣ እንግሊዝኛ የማይችል ሰውም በአንድ ሰከንድ ይገባዋል። እሱ በጣም ስለገባኝ መሰለኝ የተደፋፈርኩት፣ መሀል ካሉት ቁልፎች አንዱን የመስኮት ነው ብዬ ተጫንኩ። ከጭንቅላቴ ኋላ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ መነሳት ጀመረ። ዞር ስል ወፍራም ጥቁር ቅስት እንደ በር መቃን ተገትሯል። በቃ ሰበርኩት አልኩ፣ በመጣሁ በሁለተኛ ወሬ አዲስ ሆኖ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረ መኪና ሰበርኩ፣ ወደ አገሬ ሲመልሱኝ እናቴ ምን ትላለች፣ እዚህ ድረስ አስቤያለሁ። ጋሼ ከካሸር ሳጥናቸው ወጥተው መጡ፣ አዩኝ፣ አዩት፣ እጃቸውን ሰደው ያንኑ ቁልፍ ነኩት፣ ቅስቱ ቀስ ብሎ ተመልሶ ገባ። "አትደንግጥ፣ ለመገልበጥ ነው" አሉኝ። ለመገልበጥ ነው ሲሉኝ የባሰ ደነገጥኩ።

በኋላ ነው የገባኝ። ጣሪያ የሌለው መኪና ቢገለበጥ የሰው ጭንቅላት ነው መሬት የሚነካው፣ ስለዚህ ቋሚ ብረት ከኋላ ማድረግ ያስፈልጋል፣ ቋሚ ብረት ካደረግክ ደግሞ መኪናው ያስጠላል። ማርቸዲሶች ምን አደረጉ፣ ብረቱን አስተኝተው ደበቁት። መኪናው ሊገለበጥ መሆኑን ሴንሰሮቹ ካወቁ በ0.3 ሰከንድ በስፕሪንግ ተፈናጥሮ ይቆማል። በቁልፍ ስታነሳው ቀስ የሚለው አንተ ስለሆንክ ነው፣ አደጋው ከመጣ ግን አይንህን ሳትጨፍን ቆሟል። ከዚህ መኪና በፊት እንዲህ አይነት ነገር የሰራ የለም። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ያንን መኪና በሌላ አይን ነበር የማየው፣ ሀያ ምናምን አመት ሙሉ ከኋላህ ተኝቶ፣ አንድም ቀን እንዳይነሳ እየተጸለየለት የሚኖር ብረት ያለው መኪና።

የውስጥ መጠሪያው አር129 ነው። የወጣው በ1989 መጋቢት ላይ ጄኔቫ በተደረገው የመኪና ኤግዚቢሽን ሲሆን ዲዛይኑን የመራው ጣልያናዊው ብሩኖ ሳኮ ነው፣ የተሰራው ደግሞ ጀርመን አገር ብሬመን። ከሱ በፊት የነበረው አር107 ከ1971 እስከ 1989 ድረስ 18 አመት ሙሉ ስለተሰራ አዲሱ ሲመጣ ሰው አያት ሞቶ የልጅ ልጅ አልጋ እንደወረሰ ነው ያየው። ክሮሙ ቀረ፣ መስታወቱ ጋደም አለ፣ ጎኑ ላይ እንደ ዓሣ ስንጥቅ ያሉ ሦስት መተንፈሻዎች መጡ። ወንበሮቹ ውስጣቸው ማግኒዥየም ነው፣ ቀበቶው ከመኪናው ግድግዳ ሳይሆን ከወንበሩ ከራሱ ነው የሚወጣው፣ ወንበሩን የትም ውሰደው ቀበቶው ትከሻህ ላይ ነው። ለዚህ ሲባል ወንበሩ የሚችለው ጉልበት መጨመር ነበረበት፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይህም፣ ቆዳ ነው የምታየው።

ኤስኤል የሚለው "ሱፐር ላይሽት" ነው፣ በጀርመንኛ "እጅግ ቀላል" እንደማለት። በ1950ዎቹ በሩ እንደ ክንፍ ወደ ላይ ለሚከፈተው 300 ኤስኤል ስሙ ይገባው ነበር። የኔዋ ሴትዮ መኪና ወደ 1,800 ኪሎ ነው፣ ባለ 12 ሲሊንደሩ ደግሞ ወደ 2 ቶን ይጠጋል። ስሙ እንግዲህ እንደ ሰፈራችን "ቀጮ" ነው፣ ድሮ ቀጭን ስለነበረ ወጣለት፣ አሁን ሆዱ ወጥቶም ቀጮ ነው።

ጣሪያው ላይ ልምጣ። በጋ ላይ ዝናብ ሊመጣ ሲል ሴትዮዋ ከፎቅ ትደውልና "ዝጉልኝ" ትላለች፣ ከመሬት በታች ነን፣ ዝናብ አይደርስብንም፣ ግን ማን ይነግራታል፣ ደስ እያለን ነው የምንዘጋው። አንድ ቁልፍ ይዘህ ትቆያለህ፣ መስኮቶቹ ይወርዳሉ፣ ከኋላ ክዳኑ ይከፈታል፣ ሸራው ከጉድጓዱ እንደ ጃንጥላ እየተዘረጋ ይወጣል፣ ክዳኑ ተመልሶ ይዘጋል፣ ሸራው ከፊት መስታወቱ ጋር ራሱን ይቆልፋል፣ 30 ሰከንድ። ከሥሩ ያለው የሃይድሮሊክ ዘይት የሚገፋቸው ከአስር በላይ ትንንሽ ሲሊንደሮች ናቸው፣ አንዱ ተራውን ካልጨረሰ ቀጣዩ አይጀምርም። ከላይኛው ፎቅ ያሉት ልጆች ሳይቀሩ ስራ ትተው ለማየት ይወርዱ ነበር፣ እንደ ሰርግ ነበር ነገሩ። ከዛ ወንበሩን በሜሞሪ ቁልፉ ወደ ሴትዮዋ ቦታ እመልሰዋለሁ፣ ስትገባ ማንም ያልነካው ይመስላታል። አንድ ሁለት ዶላር ቲፕ፣ "ታንክ ዩ"፣ በቃ።

አይነቶቹን በደንብ የለየሁት እዛው ጨለማ ውስጥ በድምፅ ነው። ሲጀምር ሦስት ነበሩ፣ 300 ኤስኤል 190 የፈረስ ጉልበት፣ 300 ኤስኤል-24 ደግሞ በያንዳንዱ ሲሊንደር አራት ቫልቭ ተደርጎለት 231፣ ከዛ 500 ኤስኤል ባለ 8 ሲሊንደሩ 326። በ1992 ላይ 600 ኤስኤል መጣ፣ 12 ሲሊንደር፣ 394 የፈረስ ጉልበት፣ እዚህ አሜሪካ ዋጋው ወደ 120 ሺህ ዶላር። በ1993 ስሙን ገለበጡት፣ ፊደሉን አስቀደሙና ኤስኤል 280፣ ኤስኤል 320፣ ኤስኤል 500፣ ኤስኤል 600 ሆነ። ለአሜሪካ 280ው አልመጣም። በ1995 ትንሽ ፊቱን አደሱት፣ የጎኑ ስንጥቅ ከሦስት ወደ ሁለት ወረደ (ከሩቅ መለያው እሱ ነው፣ ቁጠሩ)። በ1998 ደግሞ ስፖኪዮውንና የኋላ መብራቱን ቀየሩ፣ ሞተሮቹንም ቀየሩ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሮቹ ሲሊንደራቸው በአንድ መስመር መደርደሩ ቀርቶ በቪ ቅርጽ ሆነ፣ የ500ውም ሞተር ተቀይሮ 306 የፈረስ ጉልበት ሆነ። በመሀል የማርቸዲስን ፈጣን መኪኖች የሚያዘጋጁት ኤኤምጂዎቹ የሰሩት ኤስኤል 60 አለ፣ ከዛም ኤስኤል 73 የሚባል እብደት አለ፣ 7.3 ሊትር፣ 525 የፈረስ ጉልበት፣ የሱ ሞተር ነው በኋላ ጣልያን አገር ፓጋኒ ዞንዳ የሚባል የስፖርት መኪና ውስጥ የገባው። እንደዚህ እየሆነ እስከ 2001 ድረስ 204,940 ተሰራ፣ ከዛ ብረት ጣሪያው የሚታጠፈው አር230 ተተካ።

የቱ ይሻላል ካላችሁኝ፣ 600ው አይደለም። ይሄን የምለው መግዛት ስላልቻልኩ አይደለም (እሱም አለ)። ባለ 12ቱ አፍንጫው ይከብዳል፣ ኮፈኑን ስትከፍተው እጅ የምታስገባበት ቦታ የለም፣ የሚጨምርልህ ነገር ደግሞ ዝምታ ነው፣ ለዝምታ ብሎ ያን ሁሉ ብር መክፈል የሚችል ሰው ቤቱም ዝም ያለ ነው። በሌላ በኩል 300ው በማኑዋል ካምቢዮ እዚህም ይሸጥ ነበር፣ የሚገዛው ጥቂት ነበር፣ እኔ በአራት አመት አንዴ ብቻ አቁሜያለሁ፣ ያን ቀን ፓርኪንጉ ውስጥ ፍሪሲዮን መርገጥ የምንችለው እኔና ጋሼ ብቻ ስለነበርን ጌታ ሆነን ዋልን። ለኔ ግን ምርጡ ከ1996 እስከ 1998 ያለው ኤስኤል 500 ነው፣ ለምን መሰላችሁ፣ የድሮው 32 ቫልቭ ሞተር ገና አልሄደም፣ ባለ 5 ማርሽ አዲሱ አውቶማቲክ ካምቢዮ ደግሞ መጥቷል፣ ከሁሉ በላይ የሽቦው ጣጣ አልፏል። የሽቦው ጣጣ የሚባለው ከ1992 እስከ 1995 አካባቢ ያሉት ላይ ነው፣ የሞተሩ ሽቦ ሽፋን ሙቀት ሲበዛበት እንደ ደረቅ እንጀራ ይፈረፈራል፣ ሽቦ ከሽቦ ይነካካና ሞተሩ ማስነጠስ ይጀምራል፣ መካኒኩ ካንዴላ ነው ብሎ ይቀይርልሃል፣ አይደለም፣ ሌላ ነገር ይቀይርልሃል፣ እሱም አይደለም።

ስለዚህ መኪና ሰው የሚያወራው የልዕልት ዳያናን ነው፣ በ1991 ቀይ 500 ኤስኤል ተከራይታ "የእንግሊዝ ንጉሣዊ ቤተሰብ እንዴት የጀርመን መኪና ይነዳል" ተብሎ ጋዜጣው ሁሉ ተነሳባት፣ በ1992 መለሰችው፣ አሁን ሽቱትጋርት ያለው የማርቸዲስ ሙዚየም ውስጥ ነው። እኔን የገረመኝ መልሳው ስትወርድ ወንበሩን ለሚቀጥለው ሰው አስተካክላ ይሆን ወይ የሚለው ነው፣ የፓርኪንግ ሰው አመል ነው።

በ2003 ፓርኪንጉን ለቀቅኩ፣ ትምህርት፣ ሌላ ስራ፣ ትዳር፣ ልጆች፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ላይ ቤት፣ ያው እንደ ሰው። በ2016 ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጣ ሰውዬ የ1997 ኤስኤል 500 ሊሸጥ አወጣ፣ ዋጋው ካገለገለ ካምሪ አይበልጥም። ለባለቤቴ ሳሳያት "ስንት ሰው ይይዛል?" አለችኝ። ሁለት አልኩ። "ቤታችን ውስጥ ስንት ሰው አለ?" አለችኝ። አምስት አልኩ። ሌላ አላለችም፣ እኔም ዝምታ እሺታ ነው ብዬ ገዛሁት፣ እንዳልነበረ አሁን አውቃለሁ። ከመኪናው ጋር የሚመጣ የአሉሚኒየም ጣሪያ አለ፣ ለክረምት ከላይ የሚገጠም፣ ለብቻህ አንስተህ የማትገጥመው፣ በጋውን ሙሉ ቤዝመንት ውስጥ አሮጌ ጋቢዬን ለብሶ ነው የሚቀመጠው፣ እንግዳ ሲመጣ ሰው የተኛ ይመስለዋል።

በ2018 እናቴ ከአዲስ አበባ መጣች። እሁድ ጠዋት ቤተክርስቲያን ልወስዳት ነው፣ ነጭ ቀሚስ፣ ስስ ነጠላ፣ እኔ ደግሞ ልጇ ምን እንደሚነዳ እንድታይ ፈልጌያለሁ፣ ጣሪያው ተዘግቷል ጸጉሯ እንዳይበላሽ። መንገድ ላይ "ልጄ፣ ይሄ ነገር ያንጠባጥባል እንዴ?" አለችኝ። ዝናብ የለም እኮ አልኳት። ግንባሯን ነክታ ጣቷን አሳየችኝ፣ ዘይት። ከፊት መስታወቱ በላይ ጣሪያውን የሚቆልፉት ሲሊንደሮች ጎሚኒያቸው አርጅቶ ነው፣ የዚህ መኪና የታወቀ በሽታ ነው፣ ሃያ አመት ሲሞላው ሰው ላይ ያንጠባጥባል፣ እኔም አንብቤው ነበር፣ የኔው ላይ አይደርስም ብዬ ነው። ሁለተኛው ጠብታ ነጠላዋ ላይ አረፈ። እኔ ማልቀስ ነው የቀረኝ፣ እሷ ግን ስትስቅ፣ "ተወው፣ ቅብዓ ቅዱስ ነው እንላለን፣ ሳንደርስ ቀቡን" አለችኝ። ነጠላው አልለቀቀም። ይዛው ሄደች አዲስ አበባ፣ ለጎረቤት የምታሳየው ፎቶዬን ሳይሆን እሱን ነው አሉ።

ለማሰራት አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፣ ሲሊንደሮቹን በሙሉ በአዲስ ለመቀየር መኪናውን የገዛሁበትን ግማሽ ጠየቀኝ፣ ያውም አይኑን ሳያሽ። ተውኩትና እኔው ሌሊት ሌሊት እየፈታሁ አወጣኋቸው፣ ጎሚኒ ለሚቀይሩ ሰዎች በፖስታ ላክኩ፣ ታድሰው መጡ፣ ለመመለስ ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ያኔ ነው መኪናውን በእውነት ያወቅኩት። ፓርኪንግ ውስጥ ቆመን በ30 ሰከንድ ስናጨበጭብለት የነበረው ነገር፣ አንድ ቱቦ ከአንድ ቱቦ ሳይነካካ፣ ማንም በማያየው ቦታ ሳይቀር ቁጥር ተለጥፎበት፣ ማሰሪያው ሁሉ በስርዓት የተደረደረ። ያ ሁሉ ብር የት እንደገባ ጥያቄ ነበረብኝ፣ ሽፋኑን ስትፈታ ታገኘዋለህ። አሁን ያሉት መኪኖች ብሩ የሚታየው ስክሪኑ ላይ ነው፣ ሽፋኑን ስትፈታ ሌላ ፕላስቲክ ታገኛለህ።

በበልጉ ስካይላይን ድራይቭ ወጣሁበት፣ ቨርጂኒያ ተራራው ላይ ያለው 105 ማይል መንገድ። የተፈቀደው ፍጥነት 35 ማይል ነው። ፋብሪካው በ250 ኪሎሜትር ልጓም ካላበጀለት ከዛም በላይ ሊሄድ የሚችል መኪና ይዤ በ35 እየሄድኩ፣ ከኋላዬ ሚኒቫን ተሰልፎ፣ እንደዛ ተደስቼ አላውቅም። ከላዬ ኮንክሪት የለም። አንዷ ሚዳቋ መንገድ ዳር ቆማ ዞር ብላ እንኳን አላየችኝም።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ባለፈው መስከረም ነው። ጋሼ ጡረታ ወጥተው አርሊንግተን ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት፣ ለእንቁጣጣሽ ልጠይቃቸው ሄድኩ፣ በራፉ ላይ ሲያዩት "ይቺን የት አገኘሃት?" አሉኝ፣ ቀለሙም ሌላ አመቱም ሌላ ነው፣ እሳቸው ግን ያቺው ናት ብለው ደምድመዋል፣ እኔም አላስተካከልኳቸውም። ጂደብሊው ፓርክዌይ የሚባለው መንገድ ላይ ወሰድኳቸው፣ ጣሪያው ተከፍቶ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው። ፖቶማክ ወንዝ ቁልቁል የሚታይበት ማቆሚያ ጋ ስንደርስ "ቁም" አሉኝ። ቆምኩ። ውሀውን ትንሽ አዩት። ከዛ ሳይጠይቁኝ እጃቸውን ወደ መሀል ሰደዱ፣ ሳያዩ፣ በዳበሳ፣ ቁልፏን አገኟት። ከኋላችን ቅስቱ ቀስ ብሎ ተነሳ። ዞር ብለው ሙሉ በሙሉ እስኪቆም አዩት፣ ያን ሁሉ አመት ሲያወርዱት እንጂ ሲነሳ ዞረው አይተውት አያውቁም ነበር።

"ቁልፉን አምጣ፣ እኔ ነኝ የማቆምልህ" አሉኝ ቤታቸው ስንመለስ። ወርጄ ሰጠኋቸው። በሁለት መኪና መሀል፣ በኋላ ማርሽ፣ በአንድ ጊዜ አስገቡት። ሲወርዱ ወንበሩን ለኔ መልሰውት ነበር።